ጦር በግራ እጅ፦ ሮዝሜሪ ሰትክሊፍ እና የአካል ጉዳተኛ ገፀ ባሕርያት አፈጣጠር

የልብ ወለድ ደራሲ አካል ጉዳተኛ ገፀ ባሕርይ ለመፍጠር ሲነሣ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይጠብቀዋል፤ አንደኛው ያ ሰው ከመኝታው እንዴት እንደሚነሣ፣ በየትኛው እጁ እንደሚጎርስ፣ ዳገቱን በምን ዘዴ እንደሚወጣ ጠንቅቆ ማወቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚኖርበት ማኅበረሰብ አካሉን አይቶ ምን ቦታ እንደሚሰጠው ወይም እንደሚነፍገው መረዳት ነው። ብዙ ደራስያን ሁለቱንም አልፈው ጉዳቱን የክፋት፣ የቅድስና ወይም የመከራ ምልክት ብቻ አድርገው ስለሚጠቀሙበት፣ በመጽሐፍ ገጽ ላይ የሚታየው አካል ጉዳተኛ ከሰውነት ይልቅ ወደ ምሳሌነት ያደላል። ይህ ዝግጅት ሥራውን በተለየ መንገድ የሠሩትን እንግሊዛዊት ደራሲ የሮዝሜሪ ሰትክሊፍን የጽሕፈት ሕይወት ይመረምራል። ሰትክሊፍ የታሪካዊ ልብ ወለድ ደራሲ ነበሩ፤ ታሪካዊ ልብ ወለድ የሚባለው ደግሞ መቼቱን፣ ማለትም ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ጊዜና ቦታ፣ ከደራሲው ዘመን እጅግ ቀድሞ ባለፈ ዘመን ላይ የሚያደርግ የፈጠራ ድርሰት ነው። በዝግጅቱ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሰትክሊፍ በፊት የነበረው የአውሮፓ ልብ ወለድ አካል ጉዳተኞችን አላጣም፤ እንዲያውም ሞልተውበታል። ቻርልስ ዲከንስ በ1843 ባሳተሙት የገና ታሪክ ውስጥ በምርኩዝ የሚሄደው ትንሹ ቲም ዋና ተግባሩ የስስታሙን የስክሩጅን ልብ ማራራት ነው፤ ልጁ ራሱ ምን እንደሚያናድደው፣ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር በምን እንደሚጣላ ለአንባቢ ብዙም አይነገርም። ዮሐና ስፒሪ በ1880 እና በ1881 በሁለት ክፍል ባወጡት «ሃይዲ» ውስጥ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀሰው ክላራ፣ እንዲሁም ፍራንሲስ ሆጅሰን በርኔት በ1911 ባሳተሙት «ምስጢራዊው የአትክልት ስፍራ» ውስጥ አልጋ ላይ የዋለው ኮሊን፣ አንዷ በተራራ አየር ሌላው በአትክልት መካከል በእግራቸው ቆመው ይሄዳሉ። የሁለቱም መጽሐፎች ደስታ የሚመጣው ጉዳቱ ሲጠፋ ነው፤ እንደ እነርሱ ተነሥቶ መሄድ የማይችል ልጅ ሲያነብባቸው ለእርሱ የተዘጋጀ መጨረሻ አያገኝም።

በ1883 በመጽሐፍ መልክ የታተመው የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን «የሀብት ደሴት» ከእነዚህ በከፊል ይለያል። ስቲቨንሰን በኤድንብራ ሆስፒታል በ1875 የተዋወቁት ገጣሚው ዊልያም ኧርነስት ሄንሊ አንድ እግራቸው በአጥንት ነቀርሳ ምክንያት የተቆረጠ፣ ነገር ግን ጉልበታቸውና ድምፃቸው ቤት የሚሞላ ሰው ነበሩ፤ ስቲቨንሰንም ባለአንድ እግሩን የባሕር ወንበዴ ጆን ሲልቨርን የፈጠሩት ከሄንሊ ብርታት ተነሥተው እንደሆነ ለራሳቸው ለሄንሊ በደብዳቤ ገልጸውላቸዋል። በዚህም የተነሣ ሲልቨር በምርኩዙ ሲፈጥን፣ በመርከብ ወለል ላይ ሚዛኑን ሲጠብቅ፣ ምርኩዙን እንደ ጦር ሲወረውር የሚታየው ሁሉ ሕያው ነው። ይሁንና ጉዳቱ በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ሕፃኑን ጂምን በሕልሙ የሚያስፈራራ የክፉ ሰው መለያ ሆኖ መግባቱ አልቀረም።

አሜሪካውያኑ ምሁራን ዴቪድ ሚቸልና ሻሮን ስናይደር በ2000 ባሳተሙት ጥናት ለዚህ ልማድ «የትረካ ሰው ሠራሽ አካል» የሚል ስያሜ ሰጥተውታል። ሐሳቡም እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ለመቆም ሰው ሠራሽ እግር እንደሚደገፍ ሁሉ፣ ትረካም ለመንቀሳቀስ በገፀ ባሕርይው ጉዳት ላይ ይደገፋል፤ ጉዳቱ የአንባቢን ጉጉት ይቀሰቅሳል፣ ሴራውን ያስጀምራል፣ ከዚያም በፈውስ ወይም በሞት ከመንገድ ይወገዳል፣ የጉዳቱ ባለቤት የኖረው ሕይወት ግን ሳይነገር ይቀራል። ከዚህ ጋር አብሮ ሊታወቅ የሚገባው ሌላ ፅንሰ ሐሳብ በብሪታንያ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው በ1970ዎቹ ያዳበሩት ማኅበራዊ አተያይ ነው፤ በዚህ አተያይ መሠረት የእግር ወይም የዓይን ጉዳት አንድ ነገር ሲሆን፣ ደረጃው፣ በሩ፣ ሕጉና የሰው አመለካከት ተባብረው ያንን ሰው ከኑሮ ማግለላቸው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሰትክሊፍ ዋና ዋና ልብ ወለዶቻቸውን የጻፉት እነዚህ ስያሜዎች ከመውጣታቸው በፊት ቢሆንም፣ ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ መሆናቸውን ገፀ ባሕርያታቸው በየገጹ ያውቁታል።

ሰትክሊፍ በ1920 በእንግሊዝ አገር በሰሪ አውራጃ ከባሕር ኃይል መኮንን አባት ተወለዱ። ገና በሕፃንነታቸው የስቲል በሽታ ያዛቸው፤ ይህም በ1897 ጆርጅ ፍሬደሪክ ስቲል የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ባወጡት ጥናት ምክንያት በስማቸው የተጠራ፣ የልጆችን የአጥንት መገጣጠሚያ የሚያስቆጣና የሚያሳብጥ፣ እየቆየም የሚያጣምም ሕመም ነው። በሽታው እጆቻቸውንና እግሮቻቸውን ስለጎዳ የልጅነት ዘመናቸው በሆስፒታል ቆይታና በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና የተከፋፈለ ሆነ፤ በኋለኛው ዕድሜያቸውም በተሽከርካሪ ወንበር ይንቀሳቀሱ ነበር። አባታቸው በሚዛወሩበት እየተዛወሩ በማልታና በእንግሊዝ የባሕር ኃይል ሰፈሮች ያደጉት ሰትክሊፍ በልጅነታቸው የሥነ ጽሑፍ ትምህርታቸውን ያገኙት በዋናነት በጆሮ ነው፤ እናታቸው ከኪፕሊንግና ከዲከንስ ድርሰቶች ጀምሮ እስከ ጥንታዊ የሴልትና የኖርስ አፈ ታሪኮች ድረስ ድምፅ እያሰሙ ያነብቡላቸው ነበር፣ እርሳቸው ግን ማንበብን የተማሩት ዘግይተው፣ በ9 ዓመታቸው ገደማ ነው። የሰትክሊፍ አረፍተ ነገሮች ጮክ ተብለው ሲነበቡ የሚያምሩት፣ የገፀ ባሕርያታቸውም ንግግር የቃል ተረት ምት ያለው፣ ከዚህ አስተዳደግ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

በ14 ዓመታቸው መደበኛ ትምህርት አቋርጠው በዴቨን ወደሚገኘው የቢድፎርድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። የእጆቻቸው ሁኔታ በትልቅ ሸራ ላይ መሥራትን ስለሚያከብድባቸው የተመራላቸው መንገድ የጥቃቅን ምስል ሥዕል ሆነ፤ ይህም በመዳፍ ውስጥ በምትገባ ቁራጭ ላይ የሰውን ገጽ በቀጭን ብሩሽ የመሣል ጥበብ ነው። በሙያውም ሥራቸው በለንደን ሮያል አካዳሚ ለዕይታ እስከመቅረብ ደርሷል፤ የጥቃቅን ምስል ሠዓልያን የንጉሣዊው ማኅበር አባልም ሆነዋል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል፦ በበሽታ የተጣመሙ እጆች ያሏት ወጣት በሥዕል ጥበብ ውስጥ እጅግ የረቀቀ የእጅ ቁጥጥር የሚጠይቀውን ዘርፍ ለኑሮ ይዛ ነበር፣ ይህንንም ያደረገችው እጇ ስለዳነ ሳይሆን ሥራውን ለዚያ እጅ እንዲመች አድርጋ ስለያዘችው ነው። በኋላ የፈጠሯቸው ገፀ ባሕርያት ሁሉ ይህን ዓይነት ዕውቀት ተሸክመዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ወደ ጽሕፈት ያዘነበሉት ሰትክሊፍ በ1950 የሮቢን ሁድን ታሪክና ስለ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን የጻፉትን ልብ ወለድ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተሙ፤ የትንሹ ክፈፍ ሠዓሊት ከዚያ በኋላ ሰፊ የጦር ሜዳና የሩቅ ተራራ ጸሐፊ ሆኑ።

ዝናቸውን ያጸናው በ1954 የታተመው «የዘጠነኛው ንስር» ነው። ዋናው ገፀ ባሕርይ ማርከስ ሮማ ብሪታንያን በገዛችበት ዘመን የሚኖር ወጣት መቶ አለቃ ሲሆን፣ መቶ አለቃ በሮማ ሠራዊት ውስጥ የአንድ አነስተኛ የጦር ክፍል አዛዥ ነው። ማርከስ በመጀመሪያው ውጊያው የጠላትን ሰረገላ ለማስቆም ሲል ራሱን በፊቱ ይወረውራል፤ እግሩም ክፉኛ ይሰባበራል። አንባቢው ከዚያ በኋላ የሚያየው ጀግናው ቁስሉን አሸንፎ ወደ ጦሩ ሲመለስ አይደለም፤ ከሠራዊት ተሰናብቶ በአጎቱ ቤት ተቀምጦ፣ ከወታደርነት በቀር ሌላ ሙያ የማያውቅ ሰው ከእንግዲህ በምን ይኖራል የሚለውን ጥያቄ ሲጋፈጥ ነው። በጥሩ ሁኔታ ያልታከመው ቁስል ዳግመኛ ተከፍቶ ይጸዳል፣ ሕመሙም ይቀንሳል፣ ማነከሱ ግን አብሮት ይኖራል። የአባቱን ሌጌዎን፣ ማለትም የትልቁን የሮማ የጦር ክፍል፣ የጠፋ ዓርማ ፍለጋ ከሮማውያኑ የድንበር ቅጥር ከሐድሪያን ግንብ ማዶ ሲሻገርም ደራሲዋ ማነከሱን በሚገባ አስበውበታል፤ ተዋጊ መስሎ ሊሄድ አይችልምና የዓይን ሐኪም መስሎ ይጓዛል። በሮማ ዘመን የዓይን ሐኪሞች በመድኃኒታቸው ላይ የሚያትሙባቸው የድንጋይ ማኅተሞች በብሪታንያ መሬት ተቆፍረው ተገኝተዋል። ሰትክሊፍ ከቁፋሮ ሊቃውንት ግኝት አንድ እውነተኛ ሙያ መዝዘው እግሩ ለተጎዳ ሰው ሰጥተውታል ማለት ነው፤ ሙያውም ባዕድ ሰው በየመንደሩ በሰላም እንዲገባ የሚያስችል፣ ፈጣን እግር ሳይሆን የሠለጠነ እጅና የሚያስተማምን ንግግር የሚጠይቅ ነው። ማምለጥ በሚያስፈልግበት ጊዜ ደግሞ እግሩ ያዘገየዋል፣ ጓደኛው ኤስካም ይህን እያሰላ መንገድ ይመርጣል። ጉዳቱ እንዲህ በጉዞው ስሌት ውስጥ ዘወትር ስለሚገኝ አንባቢ አይረሳውም፣ ሌላ ነገርም እንዲወክል አይጠየቅም።

ከሁሉም በላይ ሊጠና የሚገባው ግን በ1958 የታተመውና በደቡብ እንግሊዝ ኮረብታዎች ላይ፣ በነሐስ ዘመን የሚፈጸመው የድሬም ታሪክ ነው። የነሐስ ዘመን፣ ሰዎች ከብረት በፊት መዳብንና ቆርቆሮን አቅልጠው መሣሪያ ይሠሩበት የነበረ የጥንት ዘመን ነው። ድሬም ቀኝ እጁ ከልደቱ ጀምሮ የሰለለ ልጅ ሲሆን፣ በጎሣው ሕግ ወንድ ልጅ ለአቅመ ጦረኝነት ሲደርስ ብቻውን ተኩላ ገድሎ ቀዩን የጦረኛ ልብስ መልበስ አለበት፤ ያልቻለ ከሞት ቢተርፍ እንኳ ከጎሣው ወጥቶ ለጎሣው ከሚገዙት እረኞች ጋር ይኖራል። ድሬም ይህ ሕግ እርሱን የሚመለከት መሆኑን የሚያውቀው በ9 ዓመቱ፣ ትልልቆቹ ስለ እርሱ ሲነጋገሩ ሳያስቡት በመስማቱ ነው። ይህ ትዕይንት የሰትክሊፍን ችሎታ በግልጽ ያሳያል፤ ልጁ እስከዚያ ጊዜ ድረስ በእጁ ሲኖር፣ ሲወጣና ሲወርድ፣ ሲጫወት እጁ ችግር መሆኑን አያውቅም ነበር፣ ችግሩን ያመጣው የሌሎች ፍርድ ነው፣ ፍርዱ ከተሰማ በኋላ ግን ያው እጅ በራሱ ዓይን ይለወጣል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የመጽሐፉ እጅግ ጠንካራ ክፍል ነው። ታሎር የተባለ፣ እርሱም አንድ እጁን ያጣ ታላቅ አዳኝ፣ ለድሬም የሚሰጠው የማጽናኛ ቃል ሳይሆን የሙያ ምክር ነው፤ ቀስት ለመወጠር ሁለት እጅ ግድ ነው፣ የሚወረወር ጦር ግን አንድ እጅ ይበቃዋል፣ ስለዚህ ልጁ ግራ እጁን ዓመታት ሙሉ በውርወራ ማሠልጠን አለበት። ጋሻ የሚይዝበት እጅ እንደማይኖረውም ደራሲዋ አይሸሽጉም፤ ለዚህም ፍጥነትን፣ አቋቋምንና የአዳኝ ውሻን ዕርዳታ ያስገባሉ። አካል ጉዳተኛ ገፀ ባሕርይ ከሌላ አካል ጉዳተኛ ሙያ ሲማር በልብ ወለድ ውስጥ ማየት ብርቅ ነው፤ በአብዛኛው ደራስያን አንድ ብቻ ፈጥረው በጤነኞች መካከል ብቸኛ ስለሚያደርጉት እንዲህ ያለው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ዕውቀት ቦታ አያገኝም። ሰትክሊፍ ግን ለአንድ የሰለለ እጅ ያሰቡት ዝርዝር ሁሉ በሕይወታቸው ብሩሽና ብዕር ለመያዝ ካሰቡት ዝርዝር ጋር አንድ ዓይነት ነው ለማለት ያስደፍራል።

መጽሐፉ ነቀፋ ሊቀርብበት ይችላል፣ ነቀፋውም ተገቢ ነው። ድሬም በመጀመሪያው ፈተና ይወድቃል፣ የደም ወንድሙ ቮርትሪክስ ሕጉን ጥሶ ከሞት ያድነዋል፣ ከዚያም ከእረኞቹ ጋር ሲኖር ቆይቶ በክረምት ሌሊት መንጋውን ሲጠብቅ ተኩላ ስለሚገድል ወደ ጎሣው ይመለሳል፤ በዚህም ታሪኩ ተቺዎች የድል አድራጊነት ሴራ ወደሚሉት ይጠጋል። በዚህ ሴራ አካል ጉዳተኛው ተቀባይነት የሚያገኘው ከሌሎች የበለጠ ድንቅ ሥራ ሲሠራ ብቻ ነው፣ ሕጉም ሳይነካ ይቀራል። በተጨማሪም ለጎሣው የሚገዙትን እረኞች ቁመታቸው ያጠረ፣ መልካቸው የጠቆረ ሕዝብ አድርጎ፣ ገዢዎቹን ደግሞ ረጃጅምና ወርቃማ አድርጎ መሣሉ የዚያ ዘመን አውሮፓውያን ስለ ዘር የነበራቸውን አስተሳሰብ የተሸከመ ስለሆነ፣ የዛሬ አንባቢ በዝምታ ሊያልፈው አይገባም። ለደራሲዋ ሊነገርላቸው የሚገባው፣ የእረኛው የዶሊ ሕይወት በመጽሐፉ ውስጥ የውድቀት ጉድጓድ አለመሆኑ ነው፤ ድሬም የበግን አዋላጅነት፣ የሌሊት ጥበቃን፣ የእረኝነትን ጥልቅ ጥበብ ይማራል፣ ተኩላውንም የሚገድለው ክብርን ፈልጎ ሳይሆን በእረኝነት ሥራው ላይ እያለ ነው።

በ1965 የታተመው «የፈረሱ ጌታ ምልክት» ጉዳዩን ከሥልጣን ጋር ያገናኘዋል። በዚህ መጽሐፍ የጎሣው ንጉሥ አካሉ እንከን የሌለበት መሆን ስላለበት፣ ሥልጣን የቀማችው ንግሥት ወራሹን ሚዲርን አትገድለውም፣ ዓይኑን ታጠፋለች፤ ሚዲርም ከዙፋን ተገልሎ በቆዳ ሥራ ይተዳደራል። እንዲህ ያለው ልማድ ለኢትዮጵያ ታሪክ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በጎንደር ዘመን አካሉ የጎደለ መስፍን አይነግሥም የሚል ልማድ ነበረና፣ በወህኒ አምባ የታሰሩት ዮሐንስ ለማምለጥ በመሞከራቸው እጃቸው ተቆርጦ ነበር፤ ሆኖም ራስ ሚካኤል ስሑል በ1769 ያረጁትን ዮሐንስን ዓፄ ዮሐንስ 2ኛ ብለው አነገሧቸው፣ ንጉሡም በዚያው ዓመት ሞቱ። አካልን ማጉደል ሰውን ከሥልጣን ማስወገጃ የፖለቲካ መሣሪያ ሆኖ ሲያገለግል የኖረ መሆኑን ሰትክሊፍ በሚዲር አማካይነት በሚገባ አሳይተዋል፤ ያም ሰው ዓይኑን ካጣ በኋላ ቁጣውም፣ ብልህነቱም፣ እጁ የሚያውቀው ሙያም አብረውት መኖራቸውን ይጽፋሉ።

በ1970 የወጣው የሎቨል ታሪክ አንባቢን ወደ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ይወስዳል። ጀርባው የጎበጠና እግሩ የተጎዳ ይህ ልጅ፣ መድኃኒት ቀማሚ የነበረችው አያቱ ስትሞት የመንደሩ ሰዎች እንደ ክፉ መንፈስ ቆጥረው በድንጋይ ያባርሩታል። በገዳም ተጠግቶ ዕፀዋትን ከተማረ በኋላ፣ ከንጉሥ አጫዋችነት ወደ መነኩሴነት የተሻገሩት ራሔር በ1123 በለንደን የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታልን ሲመሠርቱ ከእርሳቸው ጋር ይሠራል፤ ራሔርም ሆስፒታሉም እውነተኛ ናቸው፣ ሆስፒታሉ እስከ ዛሬ በዚያው ሰፈር ያገለግላል። እዚህ ላይ ሰትክሊፍ የቆየውን የፈውስ ሴራ ገልብጠውታል። ሎቨል የተጎዳ እግር ያለውን ወጣት በረጅምና ትዕግሥት በሚጠይቅ ሕክምና ይረዳል፤ የራሱ ጀርባ ግን እንደጎበጠ ነው፣ መጽሐፉም በዚህ ምክንያት አሳዛኝ መጨረሻ አይኖረውም። ልጅነታቸውን በሕሙም አልጋ ላይ ያሳለፉ ደራሲ፣ የሚታከመውን ሕፃን ሳይሆን የሚያክመውን አካል ጉዳተኛ ዋና ሰው አድርገው መምረጣቸው በጥሞና ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ሰትክሊፍ በ1959 የካርኔጊ ሜዳልያ የተባለውን የብሪታንያ የልጆች መጻሕፍት ሽልማት አግኝተዋል፤ በሕይወት ዘመናቸውም ከ50 በላይ መጻሕፍት ጽፈዋል። ይህን ሁሉ የጻፉት ያው በሽታ በጎዳው እጅ ነው። በ1983 ባሳተሙት የልጅነትና የወጣትነት ትዝታቸው ስለ ሕክምናው፣ ስለ ብቸኝነቱ፣ ከእናታቸው ጋር ስለነበራቸው አስቸጋሪ ፍቅር፣ ወጣት ሳሉ ወደውት ሌላ ስላገባው ሰው ያለ ምሬት ይተርካሉ፤ ትዝታው የሚቆመውም ደራሲነታቸው በሚጀምርበት ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን አካላዊ ሕይወታቸውን የሚፈልግ አንባቢ በድሬም፣ በማርከስና በሎቨል ውስጥ ሊፈልገው ይገባል፤ ይሁን እንጂ የሕመሙን ሁሉ ቅጂ አያገኝም፣ ምክንያቱም ከእነዚህ ገፀ ባሕርያት የአንዳቸውም ጉዳት የስቲል በሽታ አይደለም። ደራሲዋ የራሳቸውን ጉዳት እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ ከእርሱ ያገኙትን ዕውቀት ወደ ሌላ አካል፣ ወደ ሌላ ዘመንና ወደ ሌላ ሕግ ማሻገርን መርጠዋል፤ ለዚህም በእያንዳንዱ ጊዜ የዚያን አካል አሠራር እንደ አዲስ ማጥናት ነበረባቸው።

በ1992 በ71 ዓመታቸው ሲያርፉ በጽሕፈት ሥራ ላይ ነበሩ፤ ትተውት የሄዱት ስለ ስካንዲኔቪያ የባሕር ተጓዦች የሚተርክ ልብ ወለድ በሌሎች እጅ ተስተካክሎ በ1997 ታትሟል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ከሚገኙት የመርከብ አለቆች አንዱ ኦኑንድ ባለእንጨት እግሩ ሲሆን፣ የጥንት የአይስላንድ ትረካ እንደሚለው በባሕር ላይ ውጊያ እግሩን አጥቶ በእንጨት እግር የኖረ ሰው ነው። ኦኑንድ ለአለቃነቱ ተኩላ እንዲገድል አይጠየቅም፣ ከሠራዊት አይሰናበትም፣ በድንጋይም አይባረርም፤ መርከቦች አሉት፣ ተከታዮች አሉት፣ ወጣቱ ዋና ገፀ ባሕርይም ሰይፉን ይዞ በእርሱ ሥር ለማገልገል ይገባል።